በአንድ ስበት የሚዘረጋ

የተኝቶ ታካሚዎችን ክፍል የሚያጸዱት ሴትዮ ያቺን አስታማሚ የለዩዋት በእጇ ነው። ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል፤ እጇ ግን አያርፍም። የብስኩት ብልጭልጭ ወረቀት አጣጥፋ የጥፍር ያህል ታሳንሰዋለች፤ ጫፉን ሳብ ስታደርገው ደግሞ ባንዴ ይዘረጋል።

«ምን ይሁነኝ ብለሽ ነው፣ ልጄ?»

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ። ሰማይ ላይ ሆኖ ከፀሐይ መብራት የሚልክልን ክንፍ እንሠራለን። ታጥፎ ነው በሮኬት የሚወጣው፤ እዚያ ሲዘረጋ ቢጣበቅ የሚያላቅቀው እጅ የለም።»

«መጀመሪያ አንቺ ትንሽ ጋደም ብትዪ።»

«አባዬ ይሻለው ብቻ፣ እተኛለሁ።»

የአባቷንም ብርድ ልብስ እንደዚያው አጥፋ እግሩ ሥር ታኖርለት ነበር፤ አንድ እጁ ላይ ግሉኮስ ስላለ፣ ሲበርደው በሌላው ስቦ እንዲለብሰው።

ዛሬ አልጋው ባዶ ነው። ብርድ ልብሱን ጨባብጣ ፌስታል ውስጥ ስትከተው ሴትዮዋ አዩዋት።

«አምጪ፣ እኔ ልጠፍልሽ።»

«ይተዉት፣ እትዬ። የሚስበው እጅ የለም።»