እስከ ረመዳን ያልደረሰው ወረቀት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ የጎረቤቴን ድንበር በአንድ ክንድ መግፋቴን ሳይቀር ዘክዝኬአለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ትታሰራለች። አንተ የምታነበው ሰው አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም። ለአንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። ብቻ አደራህን፣ ስትጨርስ "ጊዜው ነው" ብለህ እንዳታጽናናኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጭሮ አሰበ ተፈሪ ትባል ነበር። እኔ ተሰማ ከሸዋ መጥቼ፣ አውራጃ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ባለጉዳይ ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብለታለሁ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ኦሮምኛ አቀላጥፍ ስለነበር ገበያተኛው ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ሲሰጥህ ነፍሱን ነው የሚሰጥህ። እኔ ይህን አውቅ ነበር፤ ሳላውቅ አላደረግሁትም።

አዴ ፋጡማ ከከተማው ዳር የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። "አዴ" የምንላቸው በእናት ወግ ነው፤ እሳቸውም እኔን "ኦቦ" ይሉኝ ነበር፣ አቶ ማለታቸው ነው። ያላቸው ልጅ ዩሱፍ ብቻ ነው። ዩሱፍ ሐጅ አድርጎ እዚያው ጅዳ ሥራ ሊፈልግ አሰበ፤ የይለፍ ወረቀት ግን አላገኘም። በዚያው ሰሞን አህመድ የሚባል የቦርደዴ ሰው ወረቀቱ በእኔ በኩል ካለቀለት በኋላ ታሞ ቀረ፤ ወረቀቱም እኔው ጋ ተቀመጠ። እኔ ምን አደረግሁ? ፎቶግራፍ አልነበረበትምና የአህመድን ወረቀት ለዩሱፍ ሰጠሁት። ዕድሜውን ፍቄ አስተካከልኩ፣ በእጄ። ልጁ ፈራ ተባ ሲል "ስም ምን ያደርግልሃል? ከባሕር ማዶ ማን ያውቅሃል?" ብዬ ሳቅሁበት። ለዚህ ውለታዬ እናቱ አንድ ሙክት እስከ ቤቴ አስነድተው ሰጡኝ።

ጅዳ ውስጥ አንድ የውጭ አገር ኤምባሲ በአህመድ ስም ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። ሁለት ዓመት ደህና ሠራ። እናቱ በእኔ እጅ ይጽፉለታል፣ እሱም ይመልሳል።

አንድ የገበያ ቀን አዴ ፋጡማ ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ በጭነት መኪና የመጣ ደብዳቤ ይዘው ከጠረጴዛዬ ፊት ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፖስታውን ቀድጄ መጀመሪያ ለራሴ አነበብኩት። ኤምባሲው ውስጥ ዕቃ ጠፍቶ ጣት ወደ ዘበኛው ተቀስሯል። ሳጥኑ ሲፈተሽ "ለልጄ ለዩሱፍ" የሚል ደብዳቤ ወጣ፤ የኔው ጽሕፈት። "ስም የሰረቀ ዕቃም ይሰርቃል" ብለው አስያዙት። አብሮት የሚሠራ አንድ የሐረር ሰው፣ ወጥ ቤት ነው፣ ጠበቃ ፍለጋ በር ለበር ዞረለት። አንዱ "ኤምባሲ አይከሰስም" አለው። ሌላው "እናንተን የሚዳኘው የማን አገር ሕግ ነው?" ብሎ በሩን ዘጋ። በመጨረሻ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ለነፍሴ ብለው ነገሩን ያዙ። እንዲህ አሉ፦ ስርቆቱ ምስክር የለውም፤ ልጁን የያዘው ስሙ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው "ስሙን የለወጥኩት እኔ ነኝ" ብሎ ይፈርም፣ ሦስት ሽማግሌዎች ይመስክሩ፣ የአውራጃው ማኅተም ይረፍበት፣ እስከ ረመዳን ይድረስልኝ።

ደብዳቤው የሚያበቃው እንዲህ ብሎ ነው፦ "እናቴ ሆይ፣ ኦቦ ተሰማን እግሩ ላይ ወድቀሽ ለምኚልኝ።"

ሴትዮዋ ከንፈሬን እያዩ ይጠብቃሉ። አንድ ወረቀት ነበር የተጠየቅሁት። ሥራዬ ወረቀት መጻፍ አልነበረም? ግን ብፈርም እስር ቤት የምገባው እኔ ነኝ። ሚስቴ ደግሞ እርጉዝ ነበረች። ይህን የምልህ ለማመካኘት አይደለም። ነው እንዴ? ነው። እግዜር ይየኝ፣ አሁንም እያመካኘሁ ነው!

እናም በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሥራዬም ደህና ነው። ደብዳቤ ቢዘገይብሽ እንዳትሰጊ፣ ዱዓ አድርጊልኝ።" ነገሩ እንዳያጥርብኝ ፈራሁና አንድ ጨመርኩ፤ "ቀይዋ ላም ወለደች ወይ?" አዴ ፋጡማ እጃቸውን አጨብጭበው ሳቁ። "ላሟን አልረሳትም! ላሟን አልረሳትም!"

ከዚያ በኋላ በየገበያው ይመጡ ጀመር። ደብዳቤውን ከጉያቸው ያወጡና "እስቲ ድገምልኝ" ይላሉ። እደግምላቸዋለሁ። አንድ ቀን ሐሳቤ ሌላ ጋ ሆኖ ሳነብ ጣታቸውን አነሱብኝ። "ኦቦ ተሰማ፣ ላሟን ዘለልካት።" እኔ የፈጠርኩትን እኔ ረስቼው፣ እሳቸው በቃል ይዘውታል። ያን ቀን ጠረጴዛዬን አጥፌ ቤቴ ገባሁ። የተጠየቅሁትን ወረቀት ለሳምንት እጽፈዋለሁ አልኩ። ሳምንት ሲመጣ ለሚቀጥለው አልኩ። ረመዳን ገባ። መስጊዱ አጠገብ ሰው ቴምር ይዞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲጠባበቅ እያየሁ አለፍኩ። ረመዳን ወጣ። አልጻፍኩም።

በዓመቱ ከሐጅ የተመለሰ የቦኬ ሰው የዩሱፍን ኮፍያ ለእናቱ አመጣላቸው። እስር ቤት ውስጥ ንዳድ ይዞት ሞቷል። ለቅሶ ደረስኩ። ከወንዶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ አንገቴን ደፋሁ፤ የሰጡኝንም በላሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ አዴ ፋጡማ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ከወገባቸው ጎበጥ ብለዋል። ድንጋይዋ ላይ ተቀመጡና ደብዳቤውን አወጡ፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

"ጤና ጣቢያ አዲስ የመጣው ድሬሰር አነበበልኝ" አሉ።

ተነስቼ ቆምኩ። እርግማናቸውን ጠበቅሁ። እመንኝ፣ ቢረግሙኝ፣ ምራቃቸውን ቢተፉብኝ፣ ጎትተው ዳኛ ፊት ቢያቆሙኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን በመዳፋቸው አስተካክለው ፊቴ ዘረጉት።

"የሱ ያመኛል" አሉ። "ያንተን አንብብልኝ።"

አነበብኩ። ጣቴ በገዛ ስሜ ላይ እያለፈ አነበብኩ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሥራዬም ደህና ነው። ዱዓ አድርጊልኝ። ላሟ ጋ ስደርስ አቆምኩ። እሳቸው ራሳቸው ጨረሱት። "ቀይዋ ላም ወለደች ወይ?" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብለው "ወልዳለች፣ ልጄ" ብለው መለሱለት።

ደብዳቤውን አጥፈው ሄዱ። ሌላ ጊዜ አልመጡም። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ አሁን በሕይወት የሉም። አንተንም ይቅርታ አልጠይቅህም፣ የምትሰጠው አንተ አይደለህምና። አንድ ነገር ግን አስቸግርሃለሁ፤ ምስክር ሁነኝ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አልተጻፈም ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት። ስሙን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ልጁ አህመድ አይደለም፣ የአዴ ፋጡማ ልጅ ዩሱፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አልቀዋል፣ ማኅተምም የለኝም። መጻፍ ባውቅም ከስሜ ሥር እንደ ባለጉዳዮቼ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜበታለሁ።