አካሄድ የምትወስደው እቴነሽ

የሰፈሩ ሰው በእቴነሽ ጠላ ቤት ደጅ ሲያልፍ በራሱ እግር አይሄድም ነበር። ቄሱ ያነክሳሉ፣ ነጋዴው ይንገዳገዳል፣ ገና ጫጉላዋ ያላለቀ ሙሽራ እንደ ባልቴት ታዘግማለች። አጥሩን ሲጨርሱ ሁሉም ይድናሉ። እቴነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ታያቸዋለች።

ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነው። ደርግ ከገባ ወዲህ የሰው ስም ጠርቶ ማማት ስለሚያስፈራ፣ እቴነሽ ሰውን የምታማው በአካሄዱ ነበር። ብድግ ብላ በጠጪው መሃል የሰውየውን እርምጃ አስመስላ ስትራመድ ማን እንደሆነ ያልገባው የለም፤ ጠላው በሳቅ ይደፋል። ይህ በሰፈሩ አነጋገር «ሄደችው» ይባላል።

አንድ ቀን የአብዮት ጥበቃውን እሸቴን ሄደችው። ቀኝ ክንዷን ከጎኗ ለጠፈች፣ እርምጃዋን አሳጠረች፣ ስትዞርም እንደ ግንድ ሙሉ ገላዋን ይዛ ዞረች። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እሸቴ ራሱ ነው።

«እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለ።

ዓመት ሳይሞላ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎንደር ያየው ሐኪም «ፓርኪንሰን ይባላል» አለው፤ እጅ ሳያንቀጠቅጥ ገና አካሄድ እንደሚለውጥ፣ የሚያግዝ ኪኒን እንዳለም ነገረው። ሰፈሩ ይህን ከእሸቴ አፍ ሰማና የራሱን ትርጉም ሰጠው፤ «አካሄዱን ወሰደችበት።» ቀጥሎ የሄደቻት ጎረቤቷ የሺ መርፌ መያዝ ሲያቅታት ጠጪው ሁሉ ጠፋ፤ በደጇ የሚያልፈውም አካሄዱን እንዳትወስድበት መደበቅ ጀመረ።

የቀራት ባሏ ዘውዱ ነው። ከጉና ተራራ በግ እያወረደ ይሸጣል።

«እኔን እንዳትሄጂኝ ብቻ፣ ዳገት አለብኝ» እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በጎቹን እየነዳ ሲመጣ ከአጥሩ ኋላ ሰማችው። የበረባሶው ድምፅ አንዱ ረገጥ፣ አንዱ ሸርተት። በቀዳዳው አየች። ግራ ክንዱ ከጎኑ ተለጥፏል።

ብትነግረው ሐኪም አለ። ብትነግረው ደግሞ እሱም እንደ ሰፈሩ ወሰደችብኝ ብሎ ጥሏት ይሄዳል። ዝም አለች። እግሯ ግን ዝም አላለም፤ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ስትሆን፣ ሳታስበው፣ እሱን ትሄደዋለች።

«ማነው እሱ?» አለ ዘውዱ አንድ ጠዋት ከበሩ ቆሞ።

«ማንም።»

«የማውቀው ይመስለኛል። እስቲ ድገሚው።»

ደረቷን ነፍታ፣ ክንዷን እያወዛወዘች ተራመደች።

«እሱማ የዱሮው ነው። የቅድሙን።»

ሄደችው። ዘውዱ ከኋላዋ ተከተለ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም እንደ ግንድ ዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በጎቹን ካመጣህባት ቅዳሜ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«እንዳትሸሸኝ።»

ዘውዱ ግራ እግሩን አየው። «በዚህ እግር የት እሸሻለሁ» አለ።

ሰኞ ጎንደር ሊታከም ወደ መኪናው ሲወርዱ፣ የታመመው የቱ እንደሆነ እንዳይለይ እቴነሽ ከጎኑ እሱን እየሄደች ሸኘችው። ሁለት ግራ ክንድ ተለጥፎ፣ ሁለት ግራ እግር እየተሸረተተ። አሁን በአጥር ቀዳዳ የምታየው የሺ ነበረች።

«ባሏንም ሄደችው» አለች።

ከሰፈሩ ሲወጡ ዘውዱ ሳቀ። «በይ ልቀቂው፣ ማንም አያየንም።»

«እሺ» አለች እቴነሽ። ክንዷን ልታወዛውዝ ሞከረች፤ ከጎኗ አልላቀቅ አላት።

«ቆይ እስቲ» አለች።

ዘውዱ ሳቁን አቋርጦ ቆሞ ጠበቃት።