ያበጠው ጅማት

አባቴ ጡረታ እንደወጣ እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው የአያቶቼ ቤት ገብቶ አንዲት ዳማ የፈረስ ውርንጭላ ማሳደግ ጀመረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ፈረስ መጋለብ ይመኝ ነበር፤ ዕድሜውን ግን ቢሮ ተቀምጦ አሳለፈው። ስለዚህ ቸኮለ። አጥንቷ ሳይጠና ኮርቻ ጫነባት፤ ድንጋያማውን ቁልቁለትም ጋለበባት።

እኔ የምኖረው ሲግናል ነው፤ እሁድ እሁድ እጠይቀዋለሁ። አንድ እሁድ ስደርስ ውርንጭላዋን በሦስት እግሯ ቆማ አገኘኋት። ከቀኝ የፊት እግሯ ጉልበት በታች፣ ከኋላ በኩል ያለው ጅማት አብጦ ጎብጧል። ስነካው ይፋጃል። አባቴ አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

ሾላ ወርጄ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ይዤ መጣሁ። እብጠቱን በጣቶቿ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«ገና ልጅ እኮ ናት፣ አባት። ጅማቷ ሳይጠነክር ነው የጫኑባት። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያቁሟት፣ በፋሻ ይጠቅልሉላት፤ ከዚያ ዕረፍት ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ወራት ይፈጃል። እንደ ድሮዋ ላትሆንም ትችላለች።»

ሐኪሟ እንደሄደች አጎቴ መጣ። የአባቴ ታናሽ ነው፤ እዚያው እንጦጦ ላይ ገብስ እያረሰ የኖረ ሰው። የውርንጭላዋን እግር አየና ብረት እሳት ውስጥ ከተተ። እዚያ ገበሬዎቹ ዘንድ ያበጠ ጅማት በጋለ ብረት ይተኮሳል።

«ወራት ምን ያደርጋል ጋሼ? አሁኑኑ ተኩሰን እንገላገል።»

አባቴ አንገቱን እንደደፋ ነበር። ብረቱ ሲቀላ ግን ቀና አለ።

«አንተን ልጅ ሆነህ ጀርባህን ተኩሰውህ ነበር። ዳንክበት?»

አጎቴ የቀላውን ብረት ከእሳቱ አወጣ። «መዳኔን እንጃ» አለ፤ «ማመሙን ግን አልረሳሁም።»

«እንግዲያው ተዋት።»

አጎቴ ብረቱን አፈር ላይ ጣለው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ታጋሽ ሆነ ማለት አልችልም። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ በታች ባለው ምንጭ ውስጥ ያቆማትና ይደውልልኛል። «ዛሬ እብጠቱ የጎደለ መሰለኝ» ይላል፤ በማግስቱ «የለም፣ ያው ነው።» ሁልጊዜ ስለሚያየው ለውጡ አይታየውም ነበር። በሳምንት አንዴ የምመጣው እኔ ነበርኩ የማየው። እሁድ በር ላይ ይጠብቀኝና ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «እስኪ ዳብሺው» ይለኛል።

ክረምቱ ሲወጣ በገመድ እየሳበ በባሕር ዛፎቹ መሃል ያንሸራሽራት ጀመር። እኔም ከጎኑ እሄዳለሁ። ስለ ቢሮ ዓመታቱ፣ ስለ እናቴ የመጨረሻ ሕመም፣ ነግሮኝ የማያውቀውን ሁሉ የነገረኝ በዚያ አዝጋሚ እርምጃ ላይ ነው። ፈረሷ ደህና ብትሆን ኖሮ እሱ ሽምጥ ሲጋልብ እኔ ከሩቅ ቆሜ ባየሁት ነበር።

አንድ ቀን ገመዱን ፈታላት። ትንሽ ቆም አለችና በራሷ ፈቃድ ሶምሶማ ሮጠች። አላነከሰችም። አባቴ ሊጠራት አፉን ከፈተና ተወው።

ጅማቱ ዛሬም እንደወፈረ ነው፤ ለሽምጥ ግልቢያ አትሆንም። አልፎ አልፎ ቀስ እያለች ጀርባዋ ላይ አድርጋ እስከ ራጉኤል ታደርሰዋለች። ሲመለሱ ግን ቁልቁለቱን በእግሩ ነው የሚወርደው፤ እሷ ከኋላው ትከተለዋለች።