የሳዳ ግድግዳ

ጀጎል ፈላና በር ቅመም የሚገዛ ሁሉ ሳዳን ያውቃታል። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው በሩ ጥግ ተቀምጣ እርድና በርበሬ በትናንሽ ጣሳ እየሰፈረች ሸጣለች። ጣቶቿ ከእርዱ ብዛት ቢጫ ሆነው ቀርተዋል፣ ሳሙናም አያስለቅቀውም። ደንበኛ ሲከራከራት መልስ አትሰጥም፤ ጣሳዋን ደፍታ ሰማይ ሰማይ ታያለች፣ ሰውየውም ሲሰለቸው ይከፍላል። ጎረቤቶቿ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ያሟታል። ሞኝ አይደለችም፣ እልኸኛ ናት እንጂ። እልኋ ገበያ ላይ እንጀራ ሆኗታል። ቤቷ ውስጥ ምን እንዳደረገባት ነው እንግዲህ ታሪኩ።

ቤቷ ከበሩ ብዙም አይርቅም። ከእናቷ የወረሰችው የጀጎል ቤት ነው፤ ግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ የሚወፍር ድንጋይ። በትልቁ ክፍል፣ ነደባ ከሚሉት መቀመጫ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ፣ ባለ አበባ የብረት ሰሃንና ትሪ ከስፌቱ ጋር ተሰቅሎ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ የለም። ሳዳ ሰሃኖቹን እዚያው እንደተሰቀሉ ትወለውላቸዋለች እንጂ አታወርዳቸውም። ከእናቷ በተያዘው ልማድ ሰሃን ከግድግዳ የሚወርደው ቤቱን ሐዘን ሲገባው ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አውርዳቸዋለች፤ አንዴ ባሏ ሙሜ ሲሞት፣ አንዴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇ መርየም በወሊድ ስትሞት። ሁለተኛውን ጊዜ መልሳ ስትሰቅል፣ የቀረኝ ፈይሰል በሕይወት እያለ ይህን ግድግዳ አላራቁትም ብላ ማለች።

ፈይሰል በአካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ ቢያጣ ባጃጅ ይነዳ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ከሶፊ ገጠር ሲመለስ ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ላይ ባጃጁ ተገለበጠችበት። ሲያነሱት ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ከትልቁ ክፍል ጎን ባለችው፣ ድሮ ሙሽሮች ይገቡባት በነበረችው ትንሽ ክፍል፣ ከርታት በሚሏት ተኛ። እናቱ ትልቁ ክፍል ይሻልሃል ብትለው፣ ገቢ ወጪው ከንፈር እንዲመጥልኝ አልፈልግም አላት።

ጥቅምት ላይ ከመተኛት ብዛት መቀመጫው ላይ ቁስል ወጣበት። ቁስሉ በየሳምንቱ እየጠለቀ ሄደ። እቤት እየመጣች የምታጥብለት ነርስ አንድ ቀን ሳዳን ደጅ ወስዳ፣ ይህ በቀዶ ሕክምና ካልተዘጋ ወደ ደሙ ይገባል፣ ያኔ አንደርስለትም አለቻት። ፈይሰል እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚቀበል ሐኪም አዲስ አበባ እንዳለ ሰምቶ ደወለ። ሐኪሙም የቁስሉንና የራጁን ፎቶ በኢሜይል ላክልኝ፣ ሳላይ አልጋ መያዝ አልችልም አለው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። በዚያ ሰሞን ግን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። የአጎቱ ልጅ አብዱልፈታ፣ የቁስሉን ፎቶ ያነሳው እሱ ነው፣ በፍላሽ ይዤ አዲሱ ከተማ ካለው ኢንተርኔት ካፌ ልላከው ቢል ፈይሰል እምቢ አለ። ቁስሉ ያለበት ቦታ በሃይማኖታችን አውራ ነው፣ ሐፍረተ ገላ፣ ለሰው ዓይን አይገለጥም፣ ጎረምሳ ሁሉ በትከሻህ በሚያጮልቅበት ቤት አትከፍተውም አለ። እልኹን ከማን እንደወረሰው የሚጠይቅ የለም። የቀረው መንገድ ቤት ውስጥ በስልኩ መስመር ኢንተርኔት ማስገባት ነበር። አብዱልፈታ አሮጌ ላፕቶፑን ሰጠው፤ የገመድ መሰኪያው የተሰበረ ስለነበር የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ነው።

ዋይፋዩን ሊተክል የመጣው ሳህሉ የሚባል የአዲሱ ከተማ ባለሙያ ነው። የስልኩ መስመር የገባው፣ ሶኬቱም ያለው፣ በሰሃኖቹ መሀል ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረችው መደርደሪያ ነበር። ሳህሉ የዋይፋዩን ዕቃ እዚያ አስቀምጦ ከርታት ውስጥ ቢሞክር ምንም ሲግናል የለም። ግድግዳውን ልብሳው ቢል የቅርስ ቤት ነው፣ ያለ ፈቃድ አይነካም። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ትሪና ሦስት ሰሃን አወረደ፣ ዕቃውንም በትሪው ምስማር ላይ ሰቀለው። ላፕቶፑ ላይ ሁለት የሲግናል መስመር ብቅ አለ፣ ገጽም ተከፈተ። ፈይሰል ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

ሳዳ ከገበያ ስትመለስ ሳህሉን በር ላይ አገኘችው።

«እናቴ፣ ያወረድኳቸውን ሰሃኖች መልሰው እንዳይሰቅሉብኝ» አላት። «ብረት አያሳልፈውም።»

እሺ ብላ ሸኘችው። ከዚያ ገብታ ግድግዳውን አየች። ሰሃኖቹ የነበሩበት ቦታ አራት ነጣ ያለ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ነደባው ላይ ቁጭ ብላ ዱዓ አደረገች፤ ልቧ ግን አልተመለሰም። ግድግዳው ሲራቆት ሁለት ጊዜ አይታዋለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ከቤቱ ሬሳ ወጥቷል። ልጇ ከግድግዳው ወዲያ እየሳለ ነው። ተነሳችና ዕቃውን ከምስማሩ አውርዳ ወደ መደርደሪያዋ ገፋችው፣ ሰሃኖቹን ሰቀለች፣ ትልቁን ትሪ ከፊቱ ጋረደችበት። በትሪው ጠርዝ ሾልኮ አረንጓዴው መብራት ሲበራ ስታይ፣ ይኸው ይሠራል፣ ሳህሉ ሙያውን ሊያሳየኝ ነው እንዲያ ያለው አለች። ለፈይሰል አልነገረችውም።

ቅዳሜ አብዱልፈታ የራጁን ፎቶ ይዞ መጣ። ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ አድርገው፣ ደብዳቤውን ጽፈው ላክ ሲሉት አልሄድ አለ። አብዱልፈታ አልተገረመም፤ በዚያ ሰሞን ኔትወርክ አለ የሚል ሰው ነበር የሚያስገርመው። መልእክቱ ተራ ይዞ ተቀምጧል፣ መስመር ሲያገኝ ራሱ ይሄዳል፣ አትዝጋው ብሎት ወደ ሥራው ድሬዳዋ ተመለሰ።

ፈይሰል ጠበቀ። ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ላፕቶፑን ነው። ሐኪሙ ጋ ደግሞ ደወለ፤ ያው ያለ ፎቶ አይሆንም አሉት። ሳዳ ሾርባ ይዛ ስትገባ ዛሬም የለም ይላታል፤ እሷም ኢንሻአላህ ነገ ይመለሳል ትላለች። ይህን ስትል ፊቱን አታየውም።

በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘው። ያን ዕለት ሳዳ ገበያ አልወጣችም። ግድግዳው ፊት ቆማ ትልቁን ትሪ በሁለት እጇ ያዘች፤ የቢጫው አውራ ጣቷ አሻራ በትሪው ነጭ ጠርዝ ላይ ታተመ። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ብትገፋው ከምስማሩ ይወጣ ነበር። ልጄ በዚህ ትኩሳት ላይ ሆኖ እያየሁ ግድግዳውን ባራቁት በገዛ እጄ ሞትን ጠራሁበት ማለት አይደለም ወይ አለች። ለቀቀችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ማድጋው ሄደች፣ ጨርቅ አርጥባ ግንባሩ ላይ አደረገችለት። እኔ ይህን ስጽፍ እንኳ ያን ትሪ ከምስማሩ ላይ ነጥቄ ባወርደው እላለሁ፤ ለሷ ግን ከዚያ ምስማር ላይ የተንጠለጠለው የልጇ ነፍስ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ነርሷ እንዳለችው ቁስሉ ደሙ ውስጥ ገባ፤ ፈይሰል ኅዳር ሳይጋመስ ሞተ። ጀናዛው እንደወጣ የሰፈር ሴቶች ሳዳን ሳይጠይቁ ልማዱን አደረሱ። ሰሃኑን፣ ትሪውን፣ ስፌቱን አንድ ባንድ አውርደው በካርቶን ደረደሩ። ግድግዳው ተራቆተ።

አብዱልፈታ ከቀብር ተመልሶ የሟቹን ዕቃ ሊሰበስብ ከርታት ገባ። ላፕቶፑ በርጩማ ላይ እንደተሰካ ነበር። ሊያጠፋው ሲከፍተው የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኗል። ወዲያው አጭር ድምፅ አሰማ፤ ተራ ይዞ የተቀመጠው ደብዳቤ ሄደ። አብዱልፈታ እያለቀሰ ወጥቶ፣ አክስቴ፣ ይህ ኔትወርክ ዛሬ መመለሱ ምን ይባላል አላት። ሳዳ ባዶውን ግድግዳ ቀና ብላ አየች።

በአራተኛው ቀን፣ የለቅሶው ተዕዚያ ሳይነሳ፣ ሐኪሙ መለሰ። አብዱልፈታ አጠገቧ ተቀምጦ አነበበላት። ፎቶዎቹን አይቻለሁ፣ በቀዶ የሚድን ቁስል ነው፣ አልጋ ይዤለታለሁ፣ ሳትዘገዩ አምጡት ይላል። ምን ብዬ ልመልስ ሲል ጠየቃት።

«የከለከለው ኔትወርኩ አልነበረም በላቸው» አለች። «ከልካይዋ እኔ ነኝ። እናቱ ናት በላቸው።»

አብዱልፈታ ሐዘኑ ያናገራት መሰለው። እጇን ይዞ ሰብር አድርጊ፣ ቻይው አላት፤ ከዚያ የፈይሰልን መሞት ብቻ በሁለት መስመር ጽፎ ላከ። መልእክቱም ወዲያው ሄደ።