የአርፋጆቹ ግንብ

ባለፈው ቅዳሜ የድሮ ተማሪዎች በስደት በምንኖርባት በዲኬተር ከተማ አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ተሰብስበን፣ አገር ቤት ገጠር ያለው የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤታችን ታሪክ ተነበበልን። አንባቢው ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ነው። «ቤተ መጻሕፍቱን ሚሲዮናውያን ገነቡት» ሲል ደሜ ፈላ።

«ውሸት ነው!» ብዬ ተነሣሁ። አየርላንዳዊው ዳይሬክተራችን ያረፈደን ተማሪ አይገርፉም፤ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ተሸክሞ እንዲመጣ ያዙት ነበር። ግንቡ የቆመው በዚያ ድንጋይ ነው። ከበሩ ሥር ያለው ትልቁ ጥቁር ድንጋይ የኔ ነው። ይህን ስናገር ከኋላ የተቀመጡት፣ ዛሬ ትራክ የሚነዱት የያኔ አርፋጆች፣ ቤቱን በጭብጨባ አናጉት።

አንባቢው ተቆጣ። «እኔ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም!»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ለዚህ እኮ ነው እዚያ ግንብ ላይ አንድም ድንጋይ የሌለህ።»