ከአባቱ ስም ስር

ከሐይቅ ከተማ እየተመላለስኩ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፎችን የምመዘግበው እኔ ነኝ። «አንዲት ወረቀት አትጠፋብኝም» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ግን ከውጫሌ አንዲት እናት መጡብኝ።

ልጃቸው ለሁለተኛ ዲግሪው ስለ ውጫሌ ገበያ እህል ሻጮች ጽፎ፣ ከተመረቀ ብዙም ሳይቆይ ሞቷል። እሳቸውም እህል ሻጭ ናቸው። ሲያጠና እየጠየቀ የነገሩትን ሁሉ ይጽፍ ነበርና፣ «ያልኩትን አስገብቶት እንደሁ ልስማ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ አይሠራም። ጽሑፎቹ የሚደረደሩት በጸሐፊው ስም ተራ ስለሆነ ስሙን ይዤ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ የለም።

«እናቴ፣ ሳያስረክብ ቀርቶ ይሆናል» አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«ወላሂ አስረክቧል! ልጄ አይዋሽም» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አብሽር፣ ፈልግ። እኔ እንደሁ አልቸኩል።»

አፈርኩ። ነገሩም ከነከነኝ፤ ጽሑፍ እግር አውጥቶ አይሄድ! የአባቱን ስም ጠየቅኳቸው።

ነገሩኝና «አላህ ይርሀመው፣ እሱም ከልጁ በፊት ነው የሄደ» አሉ።

በዚያ ስም ብፈልግ፣ ቁጭ ብሎ አገኘሁት!

ጥፋቱ የኔው ነበር። የመመዝገቢያው ቅጽ ከውጭ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቤተሰብ ስም ነው። እኔ ሞኙ የአባት ስም እያስቀደምኩ ሞልቼ ያገሬን ልጅ ሁሉ በአባቱ ስም ደርድሬዋለሁ። እስከዚያ ቀን ቦታውን የሚነግረኝ ኮምፒውተሩ ስለነበር ልብ አላልኩትም። እኛ ዘንድ ልጁን ፈልጎ አባቱን የሚጣራ ማን አለ?

ይህን ስነግራቸው የጽሑፉን አቧራ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከአባቱ ጋ ነዋ ያለው» አሉ።

ከእንግሊዝኛው እየመለስኩ አነበብኩላቸው። አንድ ገጽ ላይ ስማቸው ያልተጠቀሰ ሻጭ፣ ጤፍ ከመስፈራቸው በፊት ገዢውን ስንት ቤተሰብ እንዳለው እንደሚጠይቁ ተጽፏል።

«እኔ ነኝ! እሱ የኔ ቃል ነው!» ብለው ጠረጴዛዬን መቱት። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ።

ሲወጡ፣ «አደራህን፣ ከአባቱ አትለየው» አሉኝ።

የሌሎቹን ጽሑፎች ሁሉ ወደየጸሐፊዎቻቸው ስም መለስኩ። የእሱን ግን ከነበረበት አላነሳሁትም። በራሱ ስም ቦታ ላይ አንድ ካርቶን አቁሜ፣ ለሚፈልገው ሰው «አባቱ ዘንድ ነው» ብዬ ጻፍኩበት።