ዛሬ ማታ የትርንጎ ፕሮግራም ይተላለፍ

ጠዋት ከጎንደር ሲደወል ስልኩን ያነሣሁት ስለ መድኃኒት የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነው። እኅቱን ሊያስታምም የሄደው ወንድ ልጄ "እማ፣ ዐረፈች" አለኝ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም። ጎረቤቶቼ እንደሚሉት "ማን ናት ያረፈችው?" እያልኩ ደጋግሜ ጠይቄአለሁ።

ልጄ ትርንጎ ዐርፋለች። እጄ ጻፈው እንጂ ልቤ ገና አልተቀበለውም። ለኩላሊቷ ሕክምና ወደ ጎንደር ስትሄድ በእግሯ ሄዳ ነው አውቶቡስ የተሳፈረችው። በመስኮት በኩል ቦታ አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት ነበር።

እናንተ በዚህ ገጽ ላይ ያላችሁት የምታውቋት በከተማችን የማኅበረሰብ ራዲዮ በምታቀርበው የማታ ፕሮግራሟ ነው። የምታሰማው ዘፈን ሳይኬደሊክ ፎልክ ይባላል። ስሙን አስተካክዬ እንድጠራው ብዙ ደክማብኛለች። የሩቅ አገር ሰዎች ክራር የሚመስል ነገር እየመቱ ይዘፍኑታል፤ ድምፁን ያዘገዩታል፣ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል። ምንድን ነው ይሄ ስላት "የገጠር ዘፈን ነው እማ፣ ግን ሕልም እያየ ነው" ትለኝ ነበር።

በጀመረችበት ሰሞን የሰፈራችን ሰው ራዲዮው የተበላሸ መሰለው። ድምፁ ሲጎተትና ሲንቀጠቀጥ የራዲዮው ድንጋይ አልቆ ነው ብለው ድንጋዩን አወጡት። በማግስቱ ገበያ ስወጣ በየአጥሩና በየቆርቆሮው ላይ የራዲዮ ድንጋይ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ትንሽ ኃይል ይመልሳል ተብሎ። አንዷ ጎረቤቴ "ያንቺ ልጅ ድንጋይ ጨረሰችብን" እያለች ስትቀልድብኝ ሰነበተች። ለትርንጎ ስነግራት ከሣቅ ብዛት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሟን ስትከፍት ሁልጊዜ "ድንጋዩን አታውጡት፣ ዘፈኑ ነው" ትላለች። አባባሉ ከራዲዮው ወጥቶ ከተማው ውስጥ ገባ። የባጃጅ ሹፌሮች እንኳ ሞተራቸው ሲንኮራኮርና ተሳፋሪ ሲደነግጥ እሷን እየጠቀሱ ይህንኑ ይላሉ።

ሌላው ከዓይኔ የማይጠፋው አያ መኳንንት ከተራራው፣ ከቡይት ራስ ወርደው ወደ ቤታችን የመጡበት ቀን ነው። እዚያ ባለው የዱር እንስሳት ፓርክ ጥበቃ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዋሽንት ይነፋሉ። ትርንጎ እስከዚያ ድረስ ወጥታ ዋሽንታቸውን ቀዳችው። ከዚያ በኮምፒውተር እንደምታደርገው አድርጋ፣ አንዱ ድምፅ ደጋግሞ እንዲመለስ ሠርታ፣ ለማንም ከማሰማቷ በፊት እሳቸው ይስሙት ብላ ጠራቻቸው።

አያ መኳንንት ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ "አንቺ ልጅ፣ ዋሽንቴን እኮ ገደል ጨመርሽው" አሏት።

ደነገጠች። ካልወደዱት እንደማታስተላልፈው ነገረቻቸው።

"ኧረ ተይው" አሉ። "አወዳደቁ ደስ ይላል። እስቲ ድገሚልኝ።"

ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስደገሟት።

አሁን ይህን የምጽፍበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ጠዋት ከራዲዮው የሥራ ባልደረባዋ ይርጋ መጣ። ትርንጎ ወደ ጎንደር ከመሄዷ በፊት የዛሬ ማታውን ፕሮግራም በድምፅዋ ቀድታ ለእሱ ትታለት ነበር። መሬት መሬት እያየ "እትዬ፣ እናስተላልፈው ወይስ ሰዓቱን በበገና እንሸፍነው? እርስዎ ያሉትን ነው የምናደርገው" አለኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት የአባቷ እኅት ተቆጣች። "አፈሯ ሳይደርቅ ልታዘፍኑባት ነው?" አለች። አልተቀየምኳትም። በእኛ አገር ሐዘን የገባበት ቤት ራዲዮ ይዘጋል፤ ጎረቤትም አክብሮ ይዘጋል። የትርንጎ አባት ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ራዲዮውን ዘግቶልን ነበር፤ ያን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዛሬ ግን ያው ደግነት አስፈራኝ። ሰዉ ለእኔ ብሎ ራዲዮውን ቢዘጋ፣ ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ የምትናገረውን የሚሰማት አይኖርም። ለባዶ ቤት ነው የምትናገረው።

የነፍስ አባታችንን ጠየቅኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝና "ዘፈኑን ይባርኩልኝ ብትይኝ አልባርክም። የልጅሽን ድምፅ ዝጊ ብዬ ግን አላዝዝሽም" አሉኝ። አክስቷም ከዚያ በኋላ ክርክሩን ትታ፣ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

ስለዚህ ይርጋን አስተላልፈው ብዬዋለሁ። እንደ ወትሮው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። በጥበቃ ላይ የምታመሹ፣ ሕመምተኛ የምታስታምሙ፣ ለነገ ዳቦ የምትጋግሩ፣ እንቅልፍ እንቢ ያላችሁ ሁሉ ክፈቱት። ጎረቤቶቼ፣ እናንተም ለእኔ ብላችሁ አትዝጉ። በእኛ ቤት ራዲዮ አይከፈትም፤ ወጉን አልጥስም። የእናንተን ግን ከፍ አድርጉት። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል።

ቀብሯ ዛሬ በአሥር ሰዓት ነው። አስከሬኗን ከጎንደር የሚያመጣው መኪና ዳባትን አልፏል ብለው አሁን ነገሩኝ።

ትርንጎዬ፣ ልቀበልሽ ልነሣ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘፈኖችሽን እስከ ዛሬ አልለመድኳቸውም። በየማታው የምከፍተው በዘፈኑና በዘፈኑ መካከል አንቺ ስትናገሪ ለመስማት ነበር። ዛሬ ማታ ግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ። ቃሉ ባይለይልኝም አንቺ መሆንሽን ዐውቃለሁ። የፈለግሽውን ያህል አውሪ። ስትጨርሺ ደግሞ አባትሽ ይቀበልሽ። ደኅና ሁኚ፣ ልጄ።